ፊደልና መዶሻ

(በወገል ጤና ለጎልማሶች ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ፊደል መቁጠር ስትጀምሩ የሳቀባችሁ ሰው እንደ ነበረ ነግራችሁናል። «ከሸበቱ በኋላ ሀ ሁ ምን ይሆናል?» ተብላችኋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶች ፊደል ሲቆጥሩ የሚስቅ አልጠፋም ነበር። ይኸው እናንተም ዛሬ ስማችሁን ትጽፋላችሁ፤ ደብዳቤ ታነባላችሁ። እኛ ልናስተምር የመጣን ተማሪዎች ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሌላ ጎልማሳ ተማሪ ነው። እሳቸው የያዙት እርሳስ ሳይሆን መዶሻ ነው።

በደላንታ «ወገል» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይጠራል። አንደኛው የዚህች ከተማ ስም ሲነሣ ነው። ሁለተኛው ገበሬው ሞፈርና ማረሻውን ሲያዋድድ ነው፤ ወገል ከእርሻ ዕቃ አንዱ የሆነ ብረት ነውና። ታዲያ ወገሉን ማን ሠራው? ማረሻውንስ? ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ ዶማውንስ? ሁሉንም የሠራው ባለጁ ነው። ባለጅ ባይኖር ሞፈር ተራ እንጨት ነበር።

ያልናቸው ሰው ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ያለፈ ገበሬ ናቸው። መሬታቸው ጠባብ ነው። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ሞተባቸው። ልጆቻቸው ደግሞ አምስት ናቸው። ስለዚህ ወደ አንድ ሽማግሌ ባለጅ ሄደው «ሥራውን ያስተምሩኝ» አሉ። ሽማግሌው ደነገጡ። «ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚወርደው። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ ስድቡን ትችለዋለህ?» ብለው ጠየቁ። ሰውየውም «ረኃብን የቻልኩ ስድብ ያቅተኛል እንዴ?» ብለው ወናፉ አጠገብ ተቀመጡ።

ሥራው እንዲህ ነው። ወናፍ ማለት ከፍየል ቆዳ የተሠሩ ሁለት ከረጢቶች ናቸው። አንዱ ሲነሣ አንዱ ይጫናል። ነፋሱ ከተቋረጠ እሳቱ ይደክማል። እኛም ሞክረነው ነበር፤ ብዙ ሳንቆይ ክንዳችን ዛለ። ሰውየው ግን ሦስት ወር ሙሉ ከወናፍ በቀር ሌላ አልነኩም።

ቀጥሎ የብረትን ቀለም ማወቅ ተማሩ። ባለጅ ጥላ ውስጥ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጋለ ብረት ፀሐይ ላይ ቀለሙ በደንብ አይለይም። ብረቱ ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን ገና ነው፤ ቢመቱት ሊሰነጠቅ ይችላል። እንደ ብርቱካን ሲፈካ ለመዶሻ ይመቻል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ ሲረጭ ግን ተቃጥሏል፤ አይመለስም።

ብረትም ሁሉ አንድ አይደለም። የመኪና ባሌስትራ አግለው ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ይጠነክራል፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ እንደገና ሞቅ ተደርጎ ይለዝባል። ተራ ሚስማር ግን ቢነክሩትም እምብዛም አይጠነክር። እናንተ «ለ»ን ከ«ሰ» እንደምትለዩ፣ ባለጅም ብረቱን እንዲህ ይለያል። ይህም ማንበብ ነው እኮ!

እንግዲህ ክንድ ይለምዳል፤ ዓይንም ይለምዳል። ለሰውየው የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው። መዶሻ ከያዙ ወዲህ የባለቤታቸው ዘመዶች ቤታቸውን መርገጥ ተዉ። «ቡዳ ሆነ» ተባለ። ታላቋ ልጃቸው ታጭታ ነበር፤ አማቾቹ ሽማግሌ ልከው ነገሩን አቆዩት። እስካሁን አልተቋጨም።

እኛስ? እውነቱን እንናገር። በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ሲቀርብልን ከመካከላችን አንዱ «ጠግበናል» አለ። ሌሎቻችንም ዝም አልን። ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለን የምናስተምር እኛ! ባለቤታቸው አንዳች ሳይናገሩ መሶቡን ከደኑ። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ማንም ማንንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። በሳምንቱ ሳንጠራ ሄደን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ ቁጭ ብለን በላን። ሰውየውም «ልጆቼ፣ እኔ በሳልኩት ማረሻ የታረሰውን እህል በየቤቱ ትበላላችሁ። እኔ ቤት ሲሆን ምኑ ተለየ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

«ቡዳ» የሚባለው ወሬ ከባለጅ ዓይን የመጣ አይደለም። በብዙ ስፍራ ባለጆች ርስት ተከልክለው፣ ከሰው ተለይተው ኖረዋል። የማያውቁትን መፍራት ደግሞ የሰው ልማድ ነው። ሕፃን ሆዱን ሲያመው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የቆሸሸ ውኃ ወይም የሆድ ትል ነው፤ የባለጅ ዓይን አይደለም።

አገራችን የሙያተኛን እጅ ታውቀዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በደላንታ በኩል ተጎትቶ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ወጣ። ዛሬም እዚያው አለ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን አልጠፋም። አዋጅ ብቻውን መሶብ አያቀርብም። መሶቡን ማቅረብና ቀርቦ መብላት የእኛ ፋንታ ነው።

ከእናንተ መካከል ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ቢኖር ጥቂት ነገር እንንገረው። አንደኛ፣ በጉልበት አይመካ፤ መዶሻው በራሱ ክብደት ይውረድ። ሁለተኛ፣ ዓይኑን ከፍንጣሪ ይጠብቅ። ሦስተኛ፣ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ እሳት ውስጥ አይክተት፤ ጢሱ መርዝ ነው። አራተኛ፣ በአካባቢው ካሉ ባለጆች ዘንድ በአክብሮት ሄዶ ይማር፤ ትምህርት ቤቱ እነሱ ናቸውና።

መማር የማትፈልጉም ብትሆኑ ሥራ አላችሁ። ማረሻችሁ ሲዶለዱም ወደ ባለጁ ስትሄዱ፣ ደጅ ቆማችሁ አትመለሱ። ግቡ፤ ተቀመጡ፤ የቀረበላችሁን ቅመሱ።

ጥያቄዎች

1. ባለጅ ጥላ ውስጥ የሚሠራው ለምንድን ነው?
2. ሽማግሌው ባለጅ ሰውየውን ምን ብለው ጠየቋቸው? ለምን?
3. በቤታችሁ ባለጅ የሠራቸውን ዕቃዎች ቁጠሩና ስማቸውን ጻፉ።
4. የሠራቸውን ሰው ቤታችሁ ጠርታችሁ ታውቃላችሁ? ተወያዩበት።