ያረጀ ፈረስ የቆዳ ዕጢ በበጋ ወራት
(ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ ምንጭ ማጎልበትና ስለ ምርጥ ዘር ስንነጋገር ቆይተን ዛሬ ስለ አንድ ያረጀ ፈረስ እባጭ ለመናገር መነሣታችን የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሞጆም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በሻሸመኔም ሆነ በሆሳዕና፣ የጋሪ ፈረስ አብልቶና አስተምሮ ያሳደጋቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም። ከመካከላችሁም አሉ። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የጋሪው ቁጥር ቢቀንስም ያገለገለው ፈረስ ግን በየግቢው አለ። ጉልበቱ ሲደክም ከጋሪው ይፈታል። ሥጋው አይበላም፣ ወተት አይሰጥም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ከተማ ዳር ተነድቶ ለጅብ ይተዋል። በቆዳው ላይ እባጭ የወጣበት እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ቀን ይፈጥንበታል፤ ጎረቤቱ «ይህ ነገር ወደ ልጆችህ ይጋባል» ይላልና።

እንግዲህ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። በፈረስ ቆዳ ላይ የሚወጣ ሁሉ ዕጢ አይደለም። በእግር ወይም በአንገት ላይ እንደ ዶቃ ተከታትሎ የሚወጣ፣ እየፈረጠ መግል የሚያፈስ እባጭ የሊምፍ ሥር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን እጅግ ያጠቃል፤ በዝንብና በጋራ በምንጠቀምበት ልጓምና ጠፍር ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ወዲያውኑ ከሌሎቹ መለየት ይገባል። እንደገናም በሙቀት ወራት ዝንብ የትል ዕጭ ቁስል ላይ እያራገፈ የሚያመጣው ቁስል አለ፤ አልድን ይላል፣ ሥጋው ያብጣል፣ በውስጡም እንደ ሩዝ ፍንካች ያለ ቢጫ ጠጣር ነገር ይገኝበታል። ይህኛው ሐኪም በሚያዘው የትል መድኃኒት ይድናል። ስንት ፈረስ በዚህ ብቻ «ካንሰር ነው» ተብሎ ተጥሏል!

ዕጢ ከሆነ ደግሞ በብዛት የሚታየው ሦስት ዓይነት ነው። ሳርኮይድ የሚባለው በፈረስና በአህያ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ሲሆን ከከብት የኪንታሮት ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ሳንባና ወደ ጉበት አይዘልቅም፤ በቦታው ግን ግትር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ስለ ሆነ፣ በሽማግሌ ፈረስ ላይ አዲስ እባጭ ካያችሁ ሌላውንም ጠርጥሩ። ሁለተኛው በነጭ ፈረስ ላይ የሚወጣው ጥቁር ዕጢ፣ ሜላኖማ፣ ነው፤ ከጭራው ሥር፣ በፊንጢጣው ዙሪያና በመንጋጋው ሥር ይወጣል። ነጭ ፈረስ ከ15 ዓመት ካለፈ ይህ የሌለበትን ማግኘት ያስቸግራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሦስተኛውና አስቸኳዩ ቆዳው ቀላ ባለበት ቦታ፣ ማለትም በዓይን ቆብ፣ በአፍንጫ ዳርና በብልት ላይ የሚወጣው የቆዳ ካንሰር ነው። ይደማል፣ ይሸታል፣ በዓይን ዙሪያ ከሆነ ፀሐይ ታባብሰዋለች፤ ወደ ውስጥም ሊዘልቅ ስለሚችል ለዚህ ቀጠሮ አይሰጥም።

ሦስቱም ወደ ሰው አይጋቡም። ይህን በየቤቱ ንገሩልን።

አሁን ወደሚያሳዝነን ነገር እንመጣለን። በምላጭ መቁረጥ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ የባትሪ አሲድ ማፍሰስ፣ በተቃጠለ ዘይትና በቤንዚን መቀባት በየመንደሩ ይደረጋል። የሚያደርጉት ሰዎች ጨካኞች አይደሉም፤ ሌላ መንገድ ያሳያቸው ስለ ሌለ ነው። ነገር ግን ሳርኮይድ ግማሹ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ከቀድሞው በልጦ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ የሚያዝ እንስሳ ስለ ሆነ፣ የቆሸሸ ምላጭ ዕጢው በራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት በፊት ሊገድለው ይችላል። ትንሽ፣ ደረቅና ልጓምም ሆነ ጠፍር የማይነካው እባጭ አንዳንድ ጊዜ የሚሻለው ሕክምና አለመነካት ነው። መቆረጥ ያለበትንም አደንዝዞና ዳር ዳሩን አስፍቶ የሚቆርጠው የእንስሳት ሐኪም ነው። ወረዳው ካልቻለ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሩቅ ለሆናችሁ ግን ፎቶግራፍ በስልክ ለወረዳው ሐኪም መላክ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ የሚቀረው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው፤ ይህም ዝንብንና ፀሐይን መከላከል ማለት ነው። ዝናቡ ባቆመበት በመስከረም ዝንቡ ይበዛል፤ በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይዋ ትበረታለች። ዝንብ በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነሥቶ እስኪበር ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ፋንድያው በየቀኑ ተጠርጎ ከበረቱ ርቆ ካልተቀበረ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። የተከፈተ ዕጢ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 2 ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ ማጠብ፣ በዙሪያው ያለውን ደኅና ቆዳ ፈሳሹ እንዳይልጠው ቫዝሊን መቀባት ይጠቅማል። ቁስሉ ላይ ትል ከታየ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር። ለዓይን አካባቢ ያረጀ ነጠላ ቀዳችሁ በግንባሩ ላይ እንደ ዘርፍ አንጠልጥሉለት፤ ራሱን ባነቃነቀ ቁጥር ዝንቡን ያባርርለታል። ቀላ ላለው ቆዳ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ዚንክ ያለበት ነጭ ቅባት ከፀሐይ ይጋርደዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይዋል፤ ግጦሹ ጠዋትና ወደ ማታ ይሁን፤ ሳይመሽ ግን ይግባ። የማታ ጭስ ደግ ነው፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ሳል ያመጣል። ጥርሱ ላለቀበት ፉርሽካና ፋጉሎ በውኃ አርሳችሁ ስጡት፤ የከሳ ፈረስ ቁስሉ አይጠግም።

መለካትም ያስፈልጋል። ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ለውጥ አያስተውልም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በዕጢው ሰፊ ጎን ላይ የጥጥ ክር ዘርግታችሁ ቁረጡና ከግድግዳው ላይ ስቀሉት፤ በሚቀጥለው ወር ሌላውን ከጎኑ። መጻፍ የማይችል ሰውም በዚህ ለሐኪሙ መልስ ይሰጣል።

ይህን ክር ከምንጎበኛቸው አጥቢያዎች በአንዱ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የቀድሞ የጋሪ ነጂ ለሁለት ዓመት ሲሰቅሉ አይተናል። ፈረሳቸው ነጭ ነበር፤ ዕጢው ከጭራው ሥር። ጎረቤቶቻቸው «ውሰዱና ጣሉት» ሲሏቸው እምቢ ብለው አቆዩት፤ ክሮቹም ለረጅም ጊዜ እኩል ነበሩ። ኋላ ግን በሦስት ወር ውስጥ ክሩ እጥፍ ሆነ፤ ፈረሱ ፋንድያ ሲጥል ያቃስት ጀመር፤ መብላቱንም ተወ። ሐኪሙ ሊቆረጥ እንደማይችል ነገራቸው።

«ልጆቼ፣ እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» አሉን።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ በመርፌ ሊያሳርፈው ይችላል፤ አይሠቃይም» አልናቸው።

ብዙ ዝም አሉና፣ «ጅብ በቁሙ አይንካው እንጂ ሌላ አልጠይቅም» አሉ።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሲሰሙ እንስሳን በመርፌ መግደል ነውር ይመስላቸዋል። እኛ ግን የማይቆምን ፈረስ ማታ ከከተማ ዳር ትቶ መመለስን ከዚህ አናስተካክለውም። የሚጠብቅ ነገር ሲቀር፣ ማለትም መብላት ሲያቆም፣ ተኝቶ መነሣት ሲያቅተው፣ ዕጢው ዓይኑን ወይም መውጫውን ሲዘጋ፣ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ወስኑ።

ለዚያ ቀን ግን ጉድጓዱ አስቀድሞ መቆፈር አለበት፤ ለአንድ ሽማግሌ ብቻ የማይቻል ሥራ ስለ ሆነ የአጥቢያው ወጣቶች ይርዱ። በማደንዘዣ መድኃኒት የሞተ ፈረስ ሥጋው ውስጥ መድኃኒቱ ስለሚቀር የበላው ውሻ፣ ጅብና ጥንብ አንሣ ይሞታል። ስለዚህ ጥልቀቱ 2 ሜትር ያህል ይሁን፤ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ ይራቅ፤ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ከላዩ ድንጋይ ይከመርበት።