ሳይጠሩት የሚመጣ ትዝታ



አንዲት እናት ለእንግዶቿ ቡና ትቆላለች እንበል። ሐሳቧ በሙሉ ከከሰሉና ከምጣዱ ላይ ነው። ጭሱ ሲነሣ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተችው እናቷ፣ የነጠላዋ ጥለት እንኳ ሳይቀር፣ ከፊቷ ድቅን ትላለች። እጇ ይቆማል፤ ቡናውም ያርራል። እንግዶቹ እንባዋን ሲያዩ «ጭሱ ነው» ትላቸዋለች።

ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ያለ ፈቃድ የሚመለሰውን ትዝታ ሰው ፈልጎ ከሚያስታውሰው ለይቶ ጠቅሶታል። ሙከራውን ያካሄደው ግን ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃል በማጥናት ነበር። ይህም አያስገርምም፤ ያልተጠራ እንግዳን በቀጠሮ መመርመር ያስቸግራል።

ሽታ በዚህ ረገድ የራሱ መንገድ አለው። የማየትና የመስማት መልእክቶች ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሳቸው አስቀድሞ ታላመስ በተባለው ክፍል ያልፋሉ። የሽታ መልእክት ግን በዚያ መዞር ሳያሻው፣ ከስሜት ጋር የጠበቀ ግንኙነት ወዳለው ወደ አሚግዳላ ይዘልቃል። እንባው ከቃሉ ቢቀድም እንግዲህ ምን ይደንቃል?

በሕክምና ክፍልም አንድ አዛውንት የአልኮል ሽታ ሲሸታቸው በድንገት ቢያለቅሱ «ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ ይቀናል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። በርግጥ ትዝታ ደምቆ መምጣቱ ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆንም፤ በተነሣ ቁጥር ሊለወጥ ይችላልና። ስለዚህ የተናገሩት ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ በካርዳቸው ላይ አይሰፍርም። ቢሆንም ምን እንደ ታወሳቸው በዝግታ ሊጠየቁ ይገባል። ምናልባት በመጀመሪያ «ምንም አይደል፣ ዓይኔን ቆጥቁጦኝ ነው» ይሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ጠያቂው ወንበር ስቦ ጥቂት ይቀመጥ።