ስለ ቡችላ አያያዝና ስለ ቤት ንጽሕና



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቡችላ ነው። «ስለ ሰው ጤና ሊያስተምር የመጣ ሰው የውሻ ነገር ምን አገባው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቡችላው በሸናበት መሬት ላይ የሚድኸው የእናንተው ሕፃን ነውና ያገባናል።

ትልቁ ውሻ ደጅ ያድራል። ቡችላው ግን ብርዱም ጅቡም ስለሚያሰጋው ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ይኸን ጊዜ ነው። ቡችላ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ፣ ኋላም ከጡቷ ወተት ጋር፣ የሆድ ትል ይወርሳል። የትሉ ዕንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በዓይን አይታይም። በዚያው ቀን አይጎዳም፤ አፈር ውስጥ 2 ወይም 3 ሳምንት ሲቆይ ግን ይበስላል፤ ከዚያም ለብዙ ወራት ሳይሞት ይኖራል። ሕፃኑ አፈር የነካ እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ ይውጠዋል። ትሉም በጉበትና በሳንባ ይዘዋወራል፤ ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ማየት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። የዛሬውን ዛሬውኑ አንሡ የምንለው ስለዚህ ነው።

ቡችላውን ደጅ መውጣት ማስለመድስ እንዴት ነው? አንዲት እናት እንዲህ ብለው ነገሩኝ፤ «አፍንጫውን እዚያው ላይ አሽቼ በአርጩሜ ብለው፣ ጭራሽ ከጎተራው ሥር ተደብቆ መሽናት ጀመረ።» እውነታቸውን ነው። ቡችላው የገባው ሰው ፊት መሽናት እንደሚያስመታ ብቻ ነው፤ ደጅ ውጣ መባሉን ከየት ይወቀው?

የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ2 ሰዓት ብዙም አሳልፎ መያዝ አይችልም። የሚሸናበት ጊዜ ግን የታወቀ ነው፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ከበላ በኋላ፣ ሲጫወት ቆይቶ፣ እንዲሁም ማታ ከመተኛቱ በፊት። መሬት እያሸተተ መዞር ከጀመረም ቀርቧል ማለት ነው። በነዚህ ጊዜያት አንሥታችሁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰዱት። ቦታው ከምንጩ፣ ከጓሮው አትክልትና ልጆች ከሚጫወቱበት የራቀ ይሁን። እስኪጨርስ ቆማችሁ ጠብቁት፤ እንደ ጨረሰ ወዲያው አሻሹት፣ ቁራሽ ቂጣም ጣሉለት። ወደ ቤት ከገባችሁ በኋላ ብትሰጡት ግን ስለ መግባቱ የተሰጠው ይመስለዋል። ምግቡንም ቀኑን ሙሉ ከፊቱ አታኑሩ፤ በሰዓቱ የበላ በሰዓቱ ይወጣል።

ቤት ውስጥ የሸና እንደሆነ በላዩ እበት መለቅለቅ ብቻውን አይበቃም። እኛ ሽታው ጠፋ እንላለን፤ የውሻ አፍንጫ ግን ከሥሩ ያገኘዋልና ተመልሶ እዚያው ይሸናል። በሽንት የራሰውን አፈር እስከ ደረቁ ድረስ በዶማ ፋቁት፤ አውጥታችሁም ለእርሱ በመረጣችሁት ቦታ ላይ አፍስሱት። ሽታው ወደዚያ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ አዲስ አፈር መልሳችሁ ለቅልቁ። ዓይነ ምድሩን ግን ከደጅም ቢሆን በአካፋ አንሥታችሁ ሽንት ቤት ጨምሩት፤ ሽንት ቤት ከሌለ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ቡችላውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ እርሱም ሳይታጠብ ወደ መሶቡ አይቅረብ።

ሌሊት አሮጌ ጆንያ አንጥፋችሁለት በበሩ አጠገብ ይተኛ፤ የሕፃኑ መኝታ ዘንድ አይድረስ። ሌሊት ካላዘነ አንድ ጊዜ አውጡት፤ ጅብ አለና አብራችሁት ቁሙ። ጆንያውን ደጋግማችሁ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ።

የትሉን መድኃኒት ከእንስሳት ሕክምና ጠይቁ፤ ለሰው የታዘዘ ኪኒን አትስጡት። 3 ወር ሲሞላውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። ከብት ወይም በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት አትጣሉለት፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ትል ያገኛል፤ እርሱም ወደ ሰው ይተላለፋል።

ቡችላው እስኪለምድ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ይዘገያል። ለምዶ ሳለ አንድ ቀን ቢስት አትደንግጡ፤ እንደገና ከማለዳው ጀምራችሁ አውጡት። ጠንክሮ ደጅ ለማደር ሲደርስ ከበሩ ፈቀቅ አድርጋችሁ የራሱን መጠለያ ሥሩለት።