የአንቲጅን አቀራረብ እና የኦቫሪ ካንሰር የኢሚዩኖቴራፒ ምርምር



ገለጻዬን የሚጋጩ በሚመስሉ ሁለት ግኝቶች እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በኦቫሪ ካንሰር የተያዙ 186 ሴቶችን የዕጢ ናሙና መርምሮ ነበር። ቲ ሴሎች ዕጢያቸው ውስጥ ከተገኙላቸው ሴቶች የአምስት ዓመት የመኖር ምጣኔ 38 በመቶ ሲሆን፣ ካልተገኙላቸው ግን 4.5 በመቶ ብቻ ነበር። በአንጻሩ የቲ ሴሎችን ልጓም የሚፈታው ፔምብሮሊዙማብ፣ ኪኖት-100 በተባለው ሙከራ በሽታው ላገረሸባቸው ሴቶች ብቻውን ሲሰጥ፣ ዕጢያቸው በጉልህ የቀነሰላቸው 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ለምን?

ከመልሶቹ አንዱ የአንቲጅን አቀራረብ ነው። ቲ ሴል የካንሰርን ሴል ውስጡን ገብቶ አይመረምርም፤ የሚያየው በገጹ ላይ የቀረበለትን ብቻ ነው። በሴሉ ውስጥ ፕሮቲኖች በፕሮቲያዞም ይቆራረጣሉ፤ ታፕ የተባለው አጓጓዥ ቁርጥራጮቹን ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ያሻግራል፤ በዚያም ከኤችኤልኤ ክፍል አንድ እና ከቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን ጋር ተጣምረው ወደ ገጽ ይወጣሉ። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ፣ ልጓሙ የተፈታለት ቲ ሴል እንኳ ዒላማውን አያውቀውም።

ጉድለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጂኑ ኖሮ ሥራውን ያቆመ ከሆነ፣ እንደ ኢንተርፌሮን ጋማ ያሉ ቀስቃሾች ሊመልሱት ይችላሉ። ጂኑ ራሱ ከጠፋ ግን ቅስቀሳ አይመልሰውም፤ ያን ጊዜ እንደ ካር-ቲ ያሉ፣ ኤችኤልኤን የማይጠይቁ መንገዶች ይፈለጋሉ። ሁለቱን ታማሚዎች በአንድ ሙከራ ደባልቆ አማካይ ማውጣት፣ አንዷን የሚጠቅመውን ሕክምና በሌላዋ ውድቀት መሸፈን ነው። በሽታው በሆድ ዕቃ ውስጥ በብዙ ስፍራ ስለሚሠራጭም፣ ከአንድ ቦታ የተወሰደ ናሙና ሁሉንም አይወክልም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ልመለስ። ኤችኤልኤ ከሰው ሰው፣ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። የትኛው ፔፕታይድ ከየትኛው ኤችኤልኤ ጋር እንደሚጣበቅ የሚተነብዩ ሞዴሎች በአብዛኛው የተመሠረቱት በአውሮፓውያን ዘንድ በሚዘወተሩ ዓይነቶች ላይ ነው፤ የአፍሪካውያን መረጃ አነስተኛ ነው። በእነዚህ ሞዴሎች የሚነደፍ ክትባት ለኢትዮጵያዊት ታማሚ እኩል ላይሠራ ይችላል። ይህን ክፍተት መሙላት የሌሎች ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ «መድኃኒቱ ለምን አልሠራም?» ከማለታችሁ በፊት «ሴሉ ለቲ ሴሉ ምን አሳየው?» ብላችሁ ጠይቁ።