ጢስ የሌለው ከሰል



ስለ መመረዝ ሲነሣ ሐሳባችን ወደ ፀረ ተባይ ጠርሙስ ይሮጣል። ቡና አብቃዮች ነንና አያስገርምም። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የምወደው እኛ ከምንሠራቸው ቤቶች ጋር የተያያዘውን፣ የከሰልን መርዝ ነው።

ሰቶ ሰመሮን የሚያውቅ የጅማን ክረምት ያውቃል። ዝናቡ ሲበረታ የከሰል ምድጃው ከደጅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቡናው ከተጠጣ በኋላም ፍሙ ክፍሉን እንዲያሞቅ ይተዋል። ጢሱ ስላለቀ አደጋው ያለፈ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በወፍራም ፍም ውስጥ የሚያልፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጋለው ከሰል ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህም ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የደም ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ በመኝታ ቤቱ የሞተው በዚሁ ነው።

የአባቶቻችን ጎጆ በሣር ክዳኑ ይተነፍስ ነበር። እኛ በብሎኬት፣ በመስተዋትና በኮርኒስ አፈንነው። ጋዙ ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ በመሆኑ መሬት መተኛትም አልጋ ላይ መውጣትም አያድንም። የማይዘጋ የአየር መተላለፊያ በንድፉ ላይ መሳል የእኛ ፋንታ ነው፤ እርሱም ቢኖር ፍም አስቀምጦ መተኛት አይፈቀድም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ስለሆነ ጉንፋን ይመስላል። ዋናው መለያው በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ባንድነት መታመማቸው፣ ደጅ ሲወጡም ሻል ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ በርና መስኮት ከፍቶ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይገባል፤ አውጪውም እዚያው አይቆይ። ራሱን ስቶ የሚተነፍሰው በጎኑ ይተኛ። ወተት ማጠጣት በየሰፈሩ ይታዘዛል፤ ወተት ግን በሳንባ ለገባ ጋዝ አይረዳም፣ ራሱን የሳተውንም ያንቀዋል።

መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪለቅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክስጅን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው «ከሰል ተያይዞ ነበር» ብሎ አስቀድሞ ይናገር፤ በጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለይ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላልና። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ፣ ተሽሎኛል ብትልም ሳትመረመር አትመለስ፤ ከእርሷ ይልቅ ፅንሱ ይጎዳል።