«እየነዳህ ነው ወይ?» ብለን እንጀምር
በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት የፓልምስ ነዋሪ ነርስ የቀረበ ንግግር



በልማት ማኅበር ስብሰባ ላይ የመኪና ነገር ምን አመጣው የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ ግን እኛኑ ይመለከታል። የደሴ ሰዓት ከሎስ አንጀለስ እንደ ወቅቱ በ10 ወይም በ11 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ የሚታወስበት አመሻሽ እዚህ ጠዋት ነው። በዚያ ሰዓት እኛ ከፓልምስ ወጥተን 10 ቁጥር ወይም 405 ፍሪዌይ ላይ ነን። ስለዚህ የአገር ቤት ስልክ ብዙ ጊዜ የሚያገኘን መሪ ጨብጠን ነው።

አንድ መልእክት ለማንበብ ዓይናችን ከመንገዱ ለ5 ሰከንድ ቢነሳ፣ በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ መኪና 120 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ያን ሁሉ መንገድ ዓይንን ጨፍኖ እንደ መንዳት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2023 ብቻ የአሽከርካሪ ትኩረት በመሰረቁ በደረሱ አደጋዎች 3,275 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ይህ ቁጥር የስልክን ጉዳት ብቻ የሚያሳይ አይደለም፤ ስልክ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

«እኔ ስልኩን በእጄ አልይዝም፣ በብሉቱዝ ነው የማወራው» የምንል ብዙዎች ነን። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ አእምሯችን ግን አንድ ነው። በ2001 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች ስልኩን በእጃቸው ቢይዙም ባይዙም የትራፊክ ምልክት ሲያመልጣቸው ታይቷል። ሬዲዮ መስማት ግን ይህን አላስከተለም። አጠገባችን የተቀመጠ ሰው መንገዱ ሲጨናነቅ አይቶ ዝም ይላል። ደሴ ያለችው እናታችን ግን ከፊታችን ያለው መኪና ፍሬን መያዙን አታይም።

በተለይ የማነሣው የመርዶን ነገር ነው። ወላጆቻችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቁበታል። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ቤት ድረስ ሄዶ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው ለሐዘንተኛው የሚነገረው። እኛም በሆስፒታል ከባድ ነገር የምንናገረው ቤተሰቡን አስቀምጠን ነው። ድንገተኛ ሐዘን የሰማ ሰው ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንባ ዓይኑን ይጋርደዋል። ዛሬ ግን «ነፍስ ይማር» የሚለው መልእክት ዘመድ ሳይሰበሰብ በቴሌግራም ይለጠፋል። ሟቹ አባቱ የሆነው ልጅ በዚያች ደቂቃ ፍሪዌይ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሕጉንም እናስታውስ። በካሊፎርኒያ ከ2017 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀም ክልክል ነው። ስልኩ በማስቀመጫው ላይ ተተክሎ፣ አንዴ በመንካት ወይም በማንሸራተት ብቻ ነው የሚታዘዘው። ካርታ ለማየትም ቢሆን በእጅ መያዝ እንደማይቻል የይግባኝ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 ወስኗል። በ36 ወራት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ ነጥብ ይመዘገብበታል። በታክሲ ወይም በኡበር ለሚተዳደሩ ወንድሞችና እኅቶቻችን ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻችን ደግሞ እየነዱ በብሉቱዝም እንኳ ማውራት አይፈቀድላቸውም። በአገር ቤትም ቢሆን በእጅ ስልክ እያወሩ መንዳት በደንብ የተከለከለ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ለሚያውቅ ምክንያቱን መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተሉትን እንዲወስን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የሚደውል ሰው ከሰላምታው አስቀድሞ «እየነዳህ ነው ወይ? እየነዳሽ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አዎ ከሆነ ወዲያው ይዝጋ።

ሁለተኛ፣ ስልክ አለማንሳት እንደ ንቀት ወይም እንደ መርሳት አይቆጠር። ይህን ለወላጆቻችን እያንዳንዳችን እናስረዳ፤ የምንደውልበትንም ሰዓት አስቀድመን እንንገራቸው።

ሦስተኛ፣ በማኅበሩ የስልክ ስብሰባ ላይ እየነዳ የሚገባ አባል አይኑር። ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍት ይጠይቅ፤ የሚነዳ ሰው ካለ ይውጣ፣ ቃለ ጉባኤው በኋላ ይላክለት።

አራተኛ፣ የሞት ወይም የከባድ ሕመም ወሬ የቅርብ ቤተሰቡ በአካል ሳይነገረው በቡድኑ ገጽ ላይ አይለጠፍ። ደሴ ያላችሁ ወገኖቻችን መጀመሪያ ለማኅበሩ አመራር ደውሉ፤ እኛ እንደ አባቶቻችን ልማድ ቤቱ ሄደን እንነግረዋለን።

አምስተኛ፣ ሁላችንም ስልካችን ላይ ያለውን የመንዳት ጊዜ ማስተካከያ እናብራ። «እየነዳሁ ነው፣ ስደርስ እደውላለሁ» ብለን በአማርኛ ብንጽፍበት፣ ለሚመጣልን የጽሑፍ መልእክት ራሱ ይመልስልናል። ማስተካከል ለሚቸገር ሰው ከስብሰባው በኋላ እዚሁ አሳየዋለሁ።

እነዚህ አምስቱ መዋጮ አይጠይቁም፤ በቃለ ጉባኤ ይያዙልኝ። ፈጣሪ ሁላችንንም በሰላም ወጥተን በሰላም የምንገባ ያድርገን።