ማጥበቅና መጥበቁን ማወቅ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለጤና ጣቢያችን ሊሠራ ስለታሰበው የውሃ ማማ እንድናገር ኮሚቴው ሲጠይቀኝ «ነርስና ብረት ምን አገናኛቸው?» ያላችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ መሐንዲስ አይደለሁም። ነርሲንግ የተማርኩትም የምሠራውም እዚሁ እንግሊዝ አገር ነው። ነገር ግን በየሆስፒታሉ የምናውቀው አልትራሳውንድ ወደ እኛ የመጣው ከብረት ሠራተኞች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 የግላስጎው የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ በቀዶ ሕክምና የወጡ እጢዎችን በመኪና ጭነው ሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክ እና ዊልኮክስ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ። ፋብሪካው በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ ነበረው። ለማነጻጸሪያ ቁራጭ የበሬ ሥጋ ቀረበ። ፈሳሽ የቋጠረው እጢና ጠጣሩ እጢ የተለያየ ማሚቶ መለሱ። በ1958 ፕሮፌሰሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥራቸውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ዛሬ ነፍሰ ጡር እናት ጽንሷን የምታይበት መሣሪያ መነሻው ይህ ነው።

አሁን ወደ ማማችን ልምጣ። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ 100 ኩንታል ይመዝናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በብሎንና በዳዶ የተያያዘ ብረት ነው። ከሥሩ ደግሞ እናቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ።

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል። ብረቶቹን አጣብቆ የሚይዛቸው ይህ መለጠጥ ነው። ችግሩ ቁልፍ የያዘው ሰው የሚሰማው ዳዶው ለመዞር ምን ያህል እንዳስቸገረ ብቻ መሆኑ ነው። ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው፣ በግምት ከ10 እጅ 9ኙ፣ በጥርሱና በዳዶው ሥር ባለው ፍትጊያ ያልቃል። ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው አንድ እጅ ነው። ስለዚህ አንዱ ብሎን ዝገት ቢኖረው፣ ሌላው ግራሶ ቢቀባ፣ ቶርክ ቁልፉ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ ውጥረታቸው በጣም ሊለያይ ይችላል። ይህ የባለሙያው እጅ ጉድለት አይደለም፣ የፍትጊያ ጠባይ ነው።

በትልልቅ ድልድዮችና ተርባይኖች ላይ ይህን ጥርጣሬ ለመቀነስ አልትራሳውንድ ይጠቀማሉ። የብሎኑ ራስ ላይ ጄል ይቀባል፣ ልክ እንደኛው ሥራ። ድምፁ በብረቱ ውስጥ በሴኮንድ 5,900 ሜትር ያህል እየተጓዘ ከሌላው ጫፍ ተመልሶ ይመጣል። አሥር ሴንቲ ሜትር በሆነ ብሎን ውስጥ ደርሶ መልሱ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ 34 ያህሉን ይፈጃል። ብሎኑ ሲጠብቅ መንገዱ ይረዝማል፣ በተወጠረ ብረት ውስጥ ድምፁም ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት ይጨምራል። ከጭማሪው ውጥረቱ ይሰላል። ሙቀትም ሰዓቱን ስለሚለውጥ የብረቱ ሙቀት አብሮ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። መሣሪያው ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከመጥበቁ በፊት የነበረው ልኬት ካልተመዘገበ የኋላው ቁጥር የሚነጻጸርበት የለውም። ያኔ ብሎኑን ፈትቶ እንደገና መለካት ይመጣል። እኛም በሽተኛ ሲተኛ መጀመሪያ የደም ግፊቱን የምንመዘግበው ለዚህ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ 100 ያሳየ ሰው ሲገባ 105 ከነበረ አያስደነግጥም፤ 160 ከነበረ ሐኪም እንጠራለን።

ክትትል ሲጎድል ምን እንደሚሆን ከለንደን ሰሜን ያለችው ፖተርስ ባር አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2002 ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ 7 ሰዎች ሞቱ። በሐዲዱ መቀየሪያ ላይ ዳዶዎች ላልተው ተገኙ። ሀብታም አገር፣ ብዙ መሐንዲስ ያለበት አገር ነው። ዳዶው ግን መላላቱን አልነገራቸውም።

ታዲያ ለእኛ ማማ የአልትራሳውንድ መሣሪያ እንግዛ እያልኩ ነው? አይደለም። ለእኛ ሥራ ከመጠን ያለፈ ነው። ልንወስድ የምንችለው ሐሳቡን ነው፦ መነሻውን መዝግብ፣ ቆይተህ ተመልሰህ እይ። ስለዚህ ሦስት ነገር በውሉ ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ብሎኖቹ በታረመ ቶርክ ቁልፍ ይጥበቁ። የእያንዳንዱ ቁጥር፣ ደረቅ ወይም ግራሶ የተቀባ መሆኑ፣ ቀኑና ያጠበቀው ሰው ስም በመዝገብ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ በቀለም አንድ መስመር ይሠመር። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ የጤና ጣቢያው ጥበቃም ከታች ሆኖ ያየዋል። መስመሩ ያልዞረ ዳዶ ውጥረቱን እንዳላጣ ግን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ መዝገቡን አይተካም።

ሦስተኛ፣ ታንከሩ ሞልቶ ጥቂት ሳምንት ከሠራ በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ባለሙያ ይፈትሸው። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ዛሬውኑ ከዋናው በጀት ለብቻ ይቀመጥ።

ይህ ገንዘብ ለሌላ ሥራ ይውል እንደነበር አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ በሁለት ሥራ ደክማችሁ፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት ላባችሁን አፍስሳችሁ ያዋጣችሁት ነው። ለምርቃቱ ቀን ሁላችንም ደስ ብሎን እንሰጣለን። ከምርቃቱ ሦስት ዓመት በኋላ መሰላል ላይ ወጥቶ ዳዶ ለሚፈትሽ ሰው ግን ማንም አያጨበጭብም፣ መዋጮም አይሰበሰብለትም። ለዚህ ነው ገንዘቡ አስቀድሞ ይለይ የምለው።

ማዋለጃ ክፍል ያለ ውሃ ምን እንደሚመስል እዚህ ያላችሁ የጤና ባለሙያዎች ታውቃላችሁ። ውሃው እንዲመጣ ብቻ ሳይሆን እንዲቆይም ነው የምንፈልገው። ኮንትራክተሩ የፍተሻውን ዋጋ ለይቶ እንዲያቀርብና ጉባኤው ዛሬ ድምፅ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እግዚአብሔር ያሰብነውን ለፍሬ ያብቃልን።